ያልተሳለው ጉብታ

«ያልተጠየቅኩትን አለመናገር ውሸት ነው ወይ?» ወጣቶች በትምህርት መካከል ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይህን ያህል የሚመላለስ የለም። ብዙ ጊዜ የፍልስፍና ልብስ ለብሶ ይመጣል። ጠጋ ብለው ሲሰሙት ግን ከኋላው አንድ የተወሰነ ነገር አለ፦ ለአባት ያልተነገረ የፈተና ውጤት፣ ለእጮኛ ያልተነገረ ዕዳ፣ ለኅብረቱ ያልተነገረ ወጪ። መልሱ በአንድ ቃል የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ማስተማር ቀላል ነበር። «አዎ፣ ውሸት ነው» ካልን፣ በልባችን ያለውን ሁሉ ለሁሉም ሰው እስካላፈሰስን ድረስ ሁላችንም ውሸታሞች ነን። «አይደለም» ካልን ደግሞ፣ ምላሱን ሳያነቃንቅ ሰውን ገደል የሚሰድድ ሰው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ጥያቄ እንዳስብበት ከረዱኝ ነገሮች አንዱ የስብከት መጽሐፍ ሳይሆን ካርታ ነው። ያውም ሆቴልና ፏፏቴ የሚያሳየው የቱሪስት ካርታ አይደለም። በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ተማሪ የሚያዛጋበት፣ ቡናማ መስመሮች እንደ ጣት አሻራ የሚጠማዘዙበት፣ ቶፖግራፊ ካርታ የሚባለው ነው።

ለረሱት ባጭሩ ላስታውስ። ቡናማዎቹ መስመሮች ኮንቱር ይባላሉ፤ አንዱ ኮንቱር ከባሕር ወለል በላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ያገናኛል። በመስመሩ ላይ የሚሄድ ሰው አይወጣም፣ አይወርድም። መስመሮቹ ሲጠጋጉ ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሲራራቁ መሬቱ የተንጣለለ ነው። በአገራችን ባለ 1:50,000 እስኬል ሉሆች ላይ በአንዱ መስመርና በቀጣዩ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በአብዛኛው 20 ሜትር ነው፤ አምስተኛው መስመር፣ ማለትም በየ100 ሜትሩ የሚመጣው፣ ወፈር ተደርጎ ይሳላል።

የእኛን አገር በዚህ ዓይን እዩት። ወልቂጤ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡታጅራ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በመካከላቸው የጉራጌ ተራሮች ቆመዋል፤ ከፍተኛው ጫፍ 3,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሁለቱ ከተሞች በቀጥታ መስመር ቢለካ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። በ1:50,000 ይህ ሁሉ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሉሆቹን ገጣጥሞ ወለል ላይ ማንጠፍ ይጠይቃል። ከቡታጅራ ከፍታ እስከ ጫፉ 80 መስመር፣ ከወልቂጤ ከፍታ ደግሞ 90 መስመር ይቆጠራል። ነገር ግን ተራራው ወደ ስምጥ ሸለቆው በድንገት ስለሚወርድ፣ በቡታጅራ በኩል ያሉት መስመሮች እንደ ጥቅምት ገበያ ይጨናነቃሉ፤ በወልቂጤ በኩል ያሉት ሰፋ ሰፋ ብለው፣ ሳይቸኩሉ ነው የሚሄዱት። ወንዝ ባለበት ደግሞ መስመሩ ይታጠፍና ወደ ምንጩ የሚያመለክት የቀስት ጫፍ ይሠራል። እነዚያን ጫፎች ብቻ ተከትሎ፣ አንድ እርምጃ ሳይራመድ፣ ሰው ይህን ማወቅ ይችላል፦ ከጀርባው በወዲህ የዘነበው በዋቤ አድርጎ ወደ ግቤና ወደ ኦሞ ይሄዳል፤ በወዲያ የዘነበው በመቂ ወንዝ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ደመናው አንድ ሆኖ ሳለ ውኃው ዳግመኛ አይገናኝም። (በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሁለቱ ከተሞች የሁለት ዞኖች መቀመጫ ሆነዋል። ሰው ያሰመረው ወሰን ይዛወራል፤ ኮንቱሮቹ ግን የተነቃነቀ ነገር መኖሩንም አልሰሙም።)

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በ1,920 መስመርና በ1,940 መስመር መካከል ያለው ባዶ ወረቀት ምን ይላል? ምንም አይልም። 19 ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ፣ ማለትም ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ የሚያህል ነገር፣ በሁለቱ መስመሮች መካከል ተቀምጦ በሉሁ ላይ አንዲት ጭረት እንኳ ላያገኝ ይችላል። ጉድባም እንዲሁ ነው። ከብት ለሚጠብቅ ልጅ ያ ጉብታ አገሩን ሁሉ የሚያይበት ሰገነቱ ነው። ቤት ለሚሠራ ሰው ያቺ ጉድባ የክረምት ጎርፍ ናት። ካርታው ግን ዝም ይላል።

ዝም ማለቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ያጋንናልም። በዚህ እስኬል 1 ሚሊ ሜትር ማለት 50 ሜትር ነው። ሰባት ሜትር የሚሰፋውን አስፋልት በልኩ ቢስሉት ከጸጉር ብዙም የማይወፍር መስመር ይሆንና ማንም አያየውም። ስለዚህ መንገዱ ወፍሮ ይሳላል። ቤተ ክርስቲያንም በምልክት ይተካል፤ ምልክቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በልኩ ሲታሰብ አዳራሹ መቶ ሜትር ሊሆን ነው። እንዲህ ያለ አዳራሽ ያለው ማን ነው?

ሌላም አለ። በጉራጌ መንደር ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው ጀፎረ ነው፤ ቤቶች በሁለት ወገን ተሰልፈው ፊታቸውን የሚያዞሩበት፣ ሣር የለበሰ ሰፊ የጋራ መንገድ። ከብት ይግጥበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል፣ ሠርገኛም ለቀስተኛም ይሰበሰብበታል። አጥሩን ወደ ጀፎረ የሚገፋ ሰው በባህሉ ሕግ፣ በቂጫ፣ ይጠየቃል። በሉሁ የምልክቶች ዝርዝር ውስጥ ግን ለጀፎረ የተለየ ምልክት የለም። መንገድ ነው፣ ተሰመረ፣ አለቀ። ካርታ ሠሪው ንቆን አይደለም፤ ከባሌ እስከ ሰሜን ተራሮች በአንድ የምልክት ዝርዝር ሊሠራ ተገዶ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚያስቀር፣ የሚያገዝፍ፣ የሚያድበሰብስ ወረቀት ውሸታም ነው? ማንም እንዲህ አይልም። ለምን እንደማንል ማሰብ ይገባናል።

አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ395 ገደማ ስለ ውሸት ብቻ አንድ መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ በዚያ ላይ ውሸትን ከስሕተት የሚለየው የማታለል ፈቃድ እንደሆነ አጥብቆ ይመረምራል። እኔ በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ፈቃድ በልብ ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ ከውጭ አይታይም። ራሳችንንም ቢሆን «ለማታለል ብዬ አይደለም» ብለን ማሳመን አይከብደንም። ካርታው የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም ታማኝነቱ በልቡ ሳይሆን በኅዳጉ ላይ ተጽፏል። እስኬሉ ይህ ነው፣ በመስመሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው፣ ይህ ምልክት ይህን ይወክላል ይላል። ምን እንደማይነግረን አስቀድሞ ነግሮናል። ደግሞም ልኩ ለሁሉ አንድ ነው። መስመር ያልነካ ጉብታ በባለጠጋ ማሳ ላይም ቢሆን፣ በድሃ ማሳ ላይም ቢሆን አይሳልም። ሠሪው ለዚህኛው ጉብታ 20 ሜትር፣ ለወዳጁ ጉብታ 2 ሜትር ልኬት አልመረጠም።

በተቃራኒው የሆነም አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 የሶቪየት ኅብረት የካርታ ሥራ ዋና ኃላፊ፣ ለሕዝብ የሚታተሙት የአገሪቱ ካርታዎች ለሃምሳ ዓመት ያህል ሆን ተብሎ ሲዛቡ እንደኖሩ በይፋ ተናገረ። ወንዞችና መንገዶች ከቦታቸው ተዛውረው ተስለው ነበር። የአገሬው ሰው የራሱን መንደር በካርታ ላይ ሲፈልግ ባልሆነ ስፍራ ያገኘው ነበር ማለት ነው። እነዚያ ሉሆችም እስኬል ነበራቸው፣ ኅዳግም ነበራቸው። በኅዳጉ ላይ ያልተጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልኩ በአለቃ ፍላጎት እንደተቀየረ።

ከዚህ ተነሥቼ የምለው ይህ ነው፦ ማስቀረት ውሸት የሚሆነው የምናስቀርበት ልክ ከሰሚው ተሰውሮ፣ በጥቅማችን ሲመረጥ ነው። «ደህና ነህ?» «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» በዚህ ሰላምታ ውስጥ ስንት በሽታ፣ ስንት የቤት ኪራይ፣ ስንት እንቅልፍ ያጣ ሌሊት አለ! ግን ውሸት አይደለም፤ የእስኬሉን ትንሽነት ሁለታችንም እናውቀዋለን። ከአዲስ አበባ ወይም ከዓረብ አገር ደውሎ «ደህና ነኝ» የሚል ልጅ እናቱ በምን ያህል ልክ እንደምትሰማው ያውቃል፤ እርሷም ታውቃለች። ለዚህ ነው «ደህና ነኝ» ካለ በኋላ «በላህ?» ብላ የምትጠይቀው። ወደ ትልቁ እስኬል መሻገሯ ነው።

የአብርሃም ግን ሌላ ነው። በጌራራ ሣራን «እህቴ ናት» ባለ ጊዜ፣ በኋላ ራሱ እንዳስረዳው፣ በአባቱ በኩል እህቱ ነበረች። የተናገረው እውነት ነበር። መስመሩ ትክክል ነው፤ ያስቀረው ጉብታ ግን አቢሜሌክን ሊገድለው ነበር። አብርሃም የመረጠው ልክ የራሱን ነፍስ ለማዳን የተመረጠ ነው፤ አቢሜሌክም በምን ልክ እየሰማ እንዳለ አያውቅም። አረማዊው ንጉሥ የእምነትን አባት ሲገሥጸው እግዚአብሔር አቢሜሌክን አላስቆመውም። ይህ ክፍል ሲሰበክ ብዙ ጊዜ ስለ አብርሃም ፍርሃት ነው የምንሰማው። ስለ አቢሜሌክ መብት፣ ማለትም ሊጠየቅበት ያለውን ነገር የማወቅ መብቱ፣ ጥቂት ብንሰብክ አይጎዳንም።

ወደ ዘመናችን ላምጣው። አንድ ወጣት አለ እንበል። ኳየር ውስጥ ያገለግላል፣ ጸሎት አያጓድልም። በድብቅ ግን በስፖርት ውርርድ የዕቁብ ገንዘብ አጥፍቷል፣ ገናም አልተወም። ሽማግሌ ልኮ ታጭቷል። የልጅቱ ቤተሰቦች ወደ ጓደኛው መጥተው «አንተ ታውቀዋለህ፣ እንዴት ያለ ልጅ ነው?» ይላሉ። ጓደኛው «ትሑት ነው፣ አገልጋይ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው» ይላል። ሦስቱም እውነት ነው። የተጠየቀውን መለሰ፤ ስለ ውርርድ የጠየቀው የለም። እነርሱ ግን በባለ 20 ሜትር ካርታ ላይ ቤት ሊሠሩ ነው፤ ቦታው ላይ ጉድባ እንዳለ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። መልሱን ትንሽ ላቆየውና አስቀድሜ አንድ የሚከብድ ነገር ላንሣ።

የሚከብደው ሳሙኤል ነው። እግዚአብሔር ዳዊትን እንዲቀባ ወደ ቤተ ልሔም ሲልከው፣ ሳሙኤል ሳኦል ሰምቶ ይገድለኛል ብሎ ፈራ። የተሰጠው መመሪያ ጊደር ይዞ እንዲሄድና ለመሥዋዕት መጣሁ እንዲል ነበር። መሥዋዕቱ እውነት ነው፤ ተሠውቷል። ቅባቱ ግን ተሰውሯል። ከአብርሃም በምን ይለያል? ይህን ታሪክ እስካሁን ካልኩት ጋር በቀላሉ አስማማለሁ ብል አታምኑኝ። ቢሆንም ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ ሳኦል ሊያውቅ የሚፈልገው ሊገድል ነው፤ ገዳይ የሚፈልገውን ሉህ የማግኘት መብት የለውም። መንግሥታትም የጦር ካርታቸውን ለጠላት አይሸጡም፣ በዚህም ሐሰተኞች አይባሉም። ሉሁን መከልከልና በሉሁ ላይ ወንዙን አዛውሮ መሳል ሁለት ሥራዎች ናቸው። ሁለተኛ፣ የቤተ ልሔም ሽማግሌዎች በሳሙኤል ዝምታ ምንም አልተጎዱም። ይህ ግን ጥያቄውን ሁሉ አይዘጋውም። አብርሃምም ገዳይ ፈርቶ ነበርና። ወጣቶችን አንድ ነገር ብቻ ላስጠነቅቅ፦ ይህን ምዕራፍ ካነበባችሁ በኋላ የሚጠይቃችሁን ሁሉ ሳኦል ለማድረግ አትቸኩሉ። የትምህርት ውጤትህን የጠየቀህ አባትህ ጦር አልያዘም።

እስካሁን ስለሚናገረው ሰው ነበር። የሚያነበውም ሰው ዕዳ አለበት። ሉሁ በሁለት መስመር መካከል ዝም ሲል «እዚህ ሜዳ ነው» አላለም፤ ሜዳ ያደረገው አንባቢው ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አገር ለማየት የተላኩ ሁለት ቡድኖች አሉ። አንዱን ሁላችን እናውቀዋለን፣ ከቃዴስ በርኔ የተላኩት አሥራ ሁለቱ ናቸው። ሁለተኛው በኢያሱ 18 ላይ ያለው ነው፤ ስለ እነርሱ ሲሰበክ ሰምቼ አላውቅም። ርስት ካልደረሳቸው ከሰባቱ ነገዶች ሦስት ሦስት ሰው ተመረጠ። እነዚህ ሃያ አንድ ሰዎች ምድሪቱን ዞረው፣ በሰባት ክፍል በመጽሐፍ ጽፈው፣ ወደ ሴሎ ተመለሱ። ካርታ ሠሪዎች ነበሩ ማለት ይቻላል። ዕጣው የተጣለው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ልብ በሉ፦ ሲጽፉ የትኛው ክፍል ለማን እንደሚደርስ አያውቁም ነበር። የራሱን ነገድ ድርሻ አሳምሮ የሌላውን ሊያሳንስ የሚችል ሰው አልነበረም። ከአሥሩ ሰላዮች ጋር አነጻጽሯቸው። አሥሩም ስለ ከተሞቹ ቅጥርና ስለ ሰዎቹ ቁመት የተናገሩትን ካሌብ አላስተባበለም፤ መስመሮቹ ትክክል ነበሩ። ነገር ግን ፍርሃታቸው እስኬሉን መረጠው። የዔናቅን ልጆች በትልቅ፣ ራሳቸውን በአንበጣ ልክ ሣሉ። ሕዝቡም ኅዳጉን ሳይጠይቅ ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ።

አንባቢው ሊያስተውለው የሚገባ ሌላ ምልክት አለ። ከቡታጅራ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ አረ ሸይጣን የሚባለውን ሐይቅ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ እሳተ ገሞራ ምድርን በርቅሶ የተወው ጥልቅ ጉድጓድ ነው፣ አፋፉ ላይ እስክትደርሱ ድረስ አይታይም። (ስሙ አያስደንግጣችሁ።) ክብ ተራራ በካርታ ላይ ክብ በክብ ውስጥ ሆኖ ይሳላል። ክብ ጉድጓድም እንዲሁ ክብ በክብ ውስጥ ነው። ልዩነታቸው ጉድጓድ ከሆነ መስመሩ ላይ ወደ ውስጥ የሚያመለክቱ ጥቃቅን ጥርሶች መኖራቸው ብቻ ነው። ጥርሶቹን ያላየ ሰው ጉድጓዱን ተራራ ብሎ ይወጣዋል። ከኅብረት የቀረ ወንድምም፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገች እህትም ከሩቅ አንድ ዓይነት ክብ ናቸው፤ ኩራት ነው ወይስ ሐዘን? አንዳንዶቻችን በአንድ እሑድ እይታ ፈርደን እንጨርሳለን። ጥርሶቹን ለማየት ጠጋ ማለት ያስፈልጋል፣ አንዳንዴም ቤት ድረስ ሄዶ ቡና መጠጣት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከዋናው ትንሽ ወጣ ቢልም ስለምወደው ነው። የድሮዎቹ የአገራችን ሉሆች የተለኩት አዲንዳን ከሚባል መነሻ ነው፤ ስሙ በሱዳንና በግብፅ ወሰን አካባቢ ካለ የልኬት ጣቢያ የመጣ ነው። በስልካችን ያለው ጂፒኤስ የሚጠቀመው መነሻ ግን ሌላ ነው። በዚህ ምክንያት ስልኩ የሰጠንን ቁጥር ይዘን ሳናስተካክል በአሮጌው ሉህ ላይ ብንፈልገው ከ200 ሜትር በላይ ተዛንፈን እንገኛለን፤ በሉሁ ላይ አራት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ በመሬት ላይ ግን የሌላ ሰው ግቢ ነው። ስልኩ አልዋሸም፣ ሉሁም አልዋሸም። በሽምግልና ተቀምጦ ሁለት እውነተኛ ሰዎች ሲካካዱ ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። «ከየት ጀምረህ ነው የቆጠርከው?» ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ ሲገኝ ነገሩ ግማሹን ይበርዳል።

አሁን ወደዚያ ጓደኛ። የልጅቱ ቤተሰቦች ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል። የወንድሙን ምስጢር አደባባይ ላይ ማውጣት አለበት እያልኩ አይደለም፤ በምክር የተሰማ ነገር በቦታው ይቀመጣል፣ ይህም ልክ ከሆነ ኅዳጉ ላይ ተጽፎ ይታይ። ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ወደ ወንድሙ ሄዶ «ካልነገርካቸው እኔ ለአንተ አልመሰክርም» ማለት ነበረበት፤ ጊዜው ካለፈም አሁን የሚቀረው አለ። «ትሕትናውንና አገልግሎቱን እኔ እመሰክራለሁ። የገንዘቡን ነገር ግን እኔን አትጠይቁኝ፤ ራሱን ጠይቁት።» ይህን ማለት ራሱ መናገር ነው ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ያማል፤ ጓደኛውም ለወራት ላያናግረው ይችላል። ልጅቱ ግን ባዶው ቦታ የት እንዳለ አውቃ ትገባበታለች፣ ወይም አትገባበትም።